«ስፋት» ሲባል ወርድ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ጥያቄ፦
ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ አንድ ጎነ ሦስት አለ። ጎኖቹ 13፣ 13 እና 10 ሳንቲ ሜትር ናቸው። «ስፋቱን ፈልጉ» ይላል ጥያቄው። አንዱ «10 ነው፣ ከታች ተጽፎ የለም እንዴ?» አለ፤ ሌላው «60 ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እዚህ ላይ ስፋት ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦
ቃሉ ሁለት ሥራ ስላለው ነው። «በሩ ስፋቱ ስንት ነው?» ስንል ወርዱን መጠየቃችን ነው። በሒሳብ ግን ስፋት ማለት በጎኖቹ መካከል የታጠረው ገጽ መጠን ነው። መለያው መለኪያው ላይ አለ። ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወርድ ነው፣ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋት። ስለዚህ መልሱ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦
ገባኝ። ግን መሠረት በከፍታ ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል አይደል? ታዲያ ለምን 65 አልሆነም?

መልስ፦
13ቱን ከፍታ አድርገው ይዘውት ነዋ! እሱ ያዘመመው ጎን ነው። ከፍታ ማለት ከላይኛው ጫፍ ቱንቢ ቢጣል ገመዱ የሚይዘው መስመር ነው፤ ቀጤ ነክ የሚባለው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ መስመሩ መሠረቱን ልክ መሃል ላይ ያገኘዋል፤ 5 በዚህ፣ 5 በዚያ። ከዚያ የፓይታጎረስ ሕግ ይጨርሰዋል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ባለው ጎነ ሦስት የረጅሙ ጎን ካሬ ከሌሎቹ ሁለት ጎኖች ካሬዎች ድምር ጋር እኩል ነው የሚለው። 13 በ13 169 ነው። 5 በ5 25። ሲቀነስ 144፤ ስለዚህ ከፍታው 12። 12 በ10 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 60 ይመጣል።

ሌላ አባል፦
እኔ በጣም የምወደውን ልጨምር። እኩል ጎኖቹን 13 እንዳሉ ትታችሁ መሠረቱን 24 አድርጉት። ግማሹ 12፣ ከፍታው 5፣ ስፋቱ አሁንም 60! ወርዱ ከእጥፍ በላይ አድጎ ስፋቱ ንቅንቅ አላለም። ወርድና ስፋት ለየቅል መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦
መሠረት የግድ ከታች ያለው ጎን ነው?

መልስ፦
አይደለም። በልማድ እኩል ያልሆነውን ጎን መሠረት እንለዋለን፤ ስሌቱን ስለሚያቀልልን ነው። ምስሉን አዙረው 13ቱን መሠረት ቢያደርጉትም ይሠራል። ያኔ ከፍታው 9.23 ገደማ ይሆናል፣ ስፋቱ ያው 60 ነው።