የሼንገን ቪዛ፦ በአንድ ቀን የሚያልፍብኝን ቆይታ እንዴት ላስተካክል?

ሰላም፣ የምታውቁ እርዱኝ።

ፓስፖርቴ ላይ የተለጠፈው የቪዛ ስቲከር ከማርች 1 እስከ ኦገስት 30 ይሠራል። ብዙ ጊዜ መግባት ይፈቅዳል፤ የቆይታው ቀን ግን 30 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ከማርች 5 እስከ 16 ነበር። 16 ላይ 5 ቀንሶ 11 የሚል አይጠፋም፤ ግን የመግቢያውም የመውጫውም ዕለት ስለሚቆጠር 12 ነው። የቀረኝ 18 ነው ማለት ነው። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል የሚለው ሕግ እዚህ አያድንም፤ ስቲከሩ ላይ ያለው ካነሰ የሚገዛው እሱ ነው።

የሁለተኛው ቲኬት ጁን 2፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ፍራንክፈርት ያርፋል፤ መመለሻው ጁን 20 ማታ ነው። ይህ 19 ቀን ይሆናል። የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ያረፈበት ሳይሆን የፓስፖርት ቁጥጥር የታለፈበት ዕለት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከታለፈ 18 ይሆናል። እንግዲህ ይቺ ሃያ ደቂቃ ናት ጣጣው።

1. ሆን ብሎ ከቁጥጥሩ በፊት መጠበቅ ያስጠይቃል ወይስ መመለሻውን ወደ ጁን 19 ማምጣት ይሻላል? በ20 ማታ በረራው ቢዘገይና መውጫው 21 ላይ ቢመዘገብስ?

2. ቪዛው ያልተሰረዘ አሮጌ ፓስፖርት ላይ ነው፤ አሮጌውንም አዲሱንም ፓስፖርት መያዝ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ቲኬቱና የ30,000 ዩሮው የጉዞ ኢንሹራንስ ላይ የየትኛው ፓስፖርት ቁጥር ይግባ?

«እዚያ ሄደህ አስረዝመው» አትበሉኝ፤ ማራዘሚያ የሚሰጠው ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር፣ ለሰብዓዊ ጉዳይ ወይም ለከባድ የግል ምክንያት እንጂ ለቲኬት ስህተት አይደለም።