የአባዬን ቮልስ በ1/24 ሞዴል አድርጌ ልሠራ ነው፤ ቀለሙ ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የቮልስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ሞዴል ሠሪ ያወጣውን የ1966 ቮልስዋገን 1300 ኪት (ከእውነተኛዋ መኪና 24 ጊዜ የሚያንስ፣ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል) ገዛሁ። ክፍሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ግን ክፍሎቹ ከተያያዙበት የፕላስቲክ ፍሬም እስካሁን ምንም ነገር አልቆረጥኩም። እስከ ዛሬ የሠራሁት ታንክና የጦር አውሮፕላን ብቻ ነው። እነሱ ላይ ቀለሙ ደብዛዛ ስለሆነ ትንሽ ሸካራ ቢሆንም አያስታውቅም። መኪና ግን ማብረቅ አለበት፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

አባዬ አዲስ አበባ እያለ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ነበረው። ዛሬም ስለ እሷ አውርቶ አይጠግብም፣ ለገና ልሰጠው ነው ያሰብኩት። ያለኝ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጥቁርና ነጭ። የፊት መብራቶቹና አንድ ጎኗ በደንብ ይታያሉ።

በስፕሬይ ይሆናል ወይስ የግድ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) ልግዛ? በጎኗ የሚሄደው ቀጭን የክሮም መስመርና የመስኮቶቹ ዙሪያስ እንዴት ነው የሚሠራው? ከቦዲው ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ለብቻው ነቅሎ መቀባት አይቻልም። ደግሞ የአባዬ መኪና ከኪቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ብርጭቆ ወረቀት፦

ሳትቆርጪ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ኤርብራሽ አያስፈልግሽም። አንድ ቀለም ብቻ ላላት መኪና ቲኤስ የሚባለው የታሚያ ስፕሬይ ከበቂ በላይ ነው። ለሰማያዊው ቲኤስ 23ን እዪው፣ ከፎቶው ሳይሆን ከአባትሽ ትዝታ ጋር አስተያዪው፣ ሳያውቅ ጠይቂው።

ቀለም ከመያዝሽ በፊት ግን ቦዲው ላይ ጊዜ አጥፊ። ፕላስቲኩ ከሞልዱ (ከመቅረጫው) ሲወጣ የሞልዱ ክፍሎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። ፓርፋንጎዎቹና የጣሪያው ምሰሶዎች ላይ በጣትሽ ዳብሺ፣ ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። ቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርጥበሽ ቀስ ብለሽ አጥፊው። ከዚያ ቦዲውን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቢ፣ ምክንያቱም ከፋብሪካው የመጣ ቅባትም የእጅሽ ላብም እዚያው አለ፣ ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ሲደርቅ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ቀለም) ንፊበት። ፕራይመሩ ያላየሽውን ጭረት ሁሉ ያወጣልሻል፣ ያኔ እንደገና ትፈገፍጊያለሽ። ይሄ አሰልቺ ነው፣ ግን መኪናዋ የምታምረው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ቀለሙ። ቆርቆሮውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዪው፣ የፈላ ውሃ ግን በፍጹም፣ ሊፈነዳ ይችላል። ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምርና ቀለሙ ደቅቆ ይወጣል። ከአንድ ስንዝር ትንሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው። መንፋት የምትጀምሪው ከመኪናዋ ውጪ ነው፣ አልፈሽ ሄደሽ የምታቆሚውም ከመኪናዋ ውጪ ነው። የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩን መሸፈን የለበትም፣ እንደ ጤዛ ብቻ ጣል ጣል ይበል። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂና ድገሚ። የመጨረሻው ዙር ብቻ ነው ትንሽ እርጥብ የሚለው።

ለምን ስስ ስስ እንደምል በቁጥር ላሳይሽ። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በ1/24 ሲሰላ በእውነተኛ መኪና ላይ 2.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። የእውነተኛ መኪና ቀለም ግን ፕራይመሩና ክሊሩ (ከላይ የሚነፋው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን) ተጨምሮበት በጠቅላላው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወፍራም ቀለም የበሩን መስመር ይደፍነዋል፣ ያኔ ሞዴሏ ወዲያው አሻንጉሊት ትመስላለች።

አንድ ነገር አደራ። ዝናብ የሚል ቀን ወይም አየሩ እርጥብ ሲሆን አትንፊ፣ ቀለሙ ላይ ነጭ ጭጋግ ይቀመጥበታል። የዚህ ቀለም ሽታም ቀላል አይደለም፣ በር ተከፍቶ፣ ለቀለም ጋዝ የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ማስክ አድርገሽ ነው የምትሠሪው። የአቧራ ማስክ አይሆንም።

ፒያሳ ጋራዥ፦

ቀለሙን ወንድማችን ጨርሶታል። እኔ የመኪናዋን ዘመን ልንገርሽ፣ ቮልስ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ በየዓመቱ የሆነ ነገር ተቀይሮበታል።

ፎቶው ላይ መጀመሪያ የፊት መብራቱን እዪ። መስታወቱ የፓርፋንጎውን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ኋላ ጋደል ካለ ለኪትሽ ይስማማል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን መኪናዋ የኋላ ሞዴል ናት፣ የአውሮፓው ቮልስ መብራቱ ቀጥ ያለው ከነሐሴ 1967 ጀምሮ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። በዚያው ጊዜ ፓራውልቱም ተቀየረ። የድሮው ጎበጥ ያለና ከላዩ ሌላ ቱቦ የተደረበበት ሊሆን ይችላል፣ አዲሱ ግን ጠፍጣፋ፣ ቀጥ ያለና ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሁለተኛ መስኮቶቹን እዪ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም መስኮቶች ሰፍተዋል፣ ምሰሶዎቹም ቀጥነዋል። በጣም አሮጌ ከሆነች ደግሞ የኋላ መስታወቷ ሞላላ ነው፣ ያ ከ1958 ሞዴል በፊት ነው። ሦስተኛ ቸርኬውን እዪ፣ 1966 ላይ ቸርኬው ዙሪያውን ቀዳዳ አወጣ፣ መሐሉ ላይ ያለው ክዳንም ጠፍጣፋ ሆነ።

ሞተሩን አባትሽ ከፍቶ ማየቱ አይቀርም፣ ስለዚህ እዚያ አትሰስቺ። 1300 የሚለው ስም የመጣው 1285 ሲሲ ከሆነው ሞተር ነው። የካንዴላ ገመዶች ከቀጭን ጥቁር ሽቦ ጨምሪለት፣ አራት ብቻ ናቸው፣ ሞተሩ ግን ሕይወት ይዘራል።

በነገራችን ላይ እኔ የምመኘው ሌላ ቮልስ መሥራት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበትን። ለኛ ይሄ መኪና ታሪክም ነው።

ከሻርጃ፦

በብርጭቆ ወረቀት ምክር ብዙው ላይ እስማማለሁ። ግን ሁሉም ቦታ እርጥበት ብቻ አይደለም ችግሩ። እኔ ያለሁበት ቀን ቀን ሙቀቱ ከባድ ነው። ቀለሙ ቦዲው ላይ ሳይደርስ አየር ላይ ይደርቅና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ጠዋት በማለዳ ንፉ፣ ትንሽም ቀረብ በሉ።

ሞዴሏ ላይ ክሊር ንፊ ያለሽ የለም፣ እኔ ግን ያለ ክሊር አይሆንም ባይ ነኝ። ሰማያዊው ከደረቀ በኋላ ቲኤስ 13 በስሱ ንፊበት። ከዚያ አንድ ሳምንት አትንኪው፣ እጅሽ ቢያሳክክሽም አትንኪው። ከደረቀ በኋላ በቁጥር 3000 ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ሸካራውን አስተካክለሽ በኮምፓውንድ (በማንጸባረቂያ ቅባት) ታሺዋለሽ፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በደቃቁ። ጠርዝና ከፍ ያለ መስመር ላይ ግን አትፈግፍጊ፣ ቀለሙ እዚያ ቶሎ ያልቅና ፕላስቲኩ ይወጣል።

ክሮሙን በሁለት መንገድ መሥራት ይቻላል። አንዱ ቤር ሜታል ፎይል ነው፣ በጣም ስስ የሆነ የሚጣበቅ ብረት። ትለጥፊያለሽ፣ በጆሮ ጥጥ ታሺዋለሽ፣ ከዚያ በአዲስ ምላጭ ጠርዙን ተከትለሽ ትቆርጫለሽ። ምላጩ አዲስ ካልሆነ ፎይሉን ይቀደዋል። ሌላው የሞሎቶው ክሮም እስክርቢቶ ነው፣ ቀላል ነው፣ ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ላዩ ላይ ክሊር ካረፈበትም ብርሃኑ ይጠፋል። ለጎኗ መስመር ፎይል፣ ለትንንሾቹ እስክርቢቶ ብትይ ይሻልሻል። ሁለቱም ከክሊርና ከኮምፓውንድ በኋላ።

የቮልስ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፣ መብራቷ ጋደል ያለ ነው፣ መስኮቶቿም ሰፋፊ ናቸው። በጣም ደስ ብሎኛል። ሁለት ነገር ልጨምር። መስታወቶቹን በምን ላጣብቅ? ደግሞ ጭቃና አቧራ ላድርግባት ወይስ ንጹሕ ትሁን?

ብርጭቆ ወረቀት፦

መስታወት አጠገብ ሱፐር ግሉ አይቅረብ። ጭሱ ብቻውን መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፣ ያን ማስለቀቅ ደግሞ ከባድ ነው። ነጩን የአናጢ ኮላ በጥርስ እንጨት ጫፍ አድርጊበት፣ ሲደርቅ አይታይም፣ ከተረፈም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። የበሮቹን መስመር ጎልቶ እንዲታይ በቀለም ስትሞዪው ጥቁር አታድርጊው፣ ውሃ ሰማያዊ ላይ ጥቁር ይጮኻል፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ይበቃል።

ጭቃ አታድርጊ። የዚያን ጊዜ ቮልስ የነበረው ሰው መኪናውን እንዴት ያጥብ እንደነበር አባትሽን ጠይቂው።

ከአዲስ አበባ፦

ጥሩ ውይይት ነው፣ ግን እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ታሚያ ስፕሬይ ማግኘት ከባድ ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ያምጣ እንዳንል ስፕሬይ ቀለም በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። ከቀለም ሱቅ የመኪና ቀለም በቲነር አቅጥኜ ብነፋ ፕላስቲኩን ይበላዋል?

ፒያሳ ጋራዥ፦

የመኪና ቀለም ቲነሩ ጠንካራ ነው፣ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ይበላዋል። ፕራይመር ካለ ግን፣ ያውም በስስ በስሱ ከሆነ፣ ይቻላል። መጀመሪያ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክረው። ማንኪያው ካልተጨማደደ ደግሞ የኪቱ ባዶ ፍሬም ላይ ድገመው፣ ምክንያቱም ማንኪያውና ኪቱ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ላይሆኑ ይችላሉ። ከሥር በዘይት ቀለም ቀብተህ ከሆነ ግን በላዩ አትንፋ፣ ይጨማደዳል። ኮምፕሬሰርና ኤርብራሽ ከሌለህ ሰፈርህ ያለ መኪና ቀቢ ጋ ሂድና ትንሿን መንፊያ ለምነው፣ ግፊቱን ዝቅ ያድርግልህ። ቦዲውን በጠርሙስ አፍ ላይ በፕላስተር አስረህ ውሰደው፣ በእጅ ይዞ መንፋት አይመችም።