በ38 ዓመቴ ኤሌክትሪሻን ለመሆን አስቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (የጀሞው)

ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ደመወዙ ወሩን አያደርሰኝም። እድገት የሚባል ነገርም የለውም።

ከልጅነቴ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ሥራ እወዳለሁ። ሰፈር ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ሲበላሽ የሚጠራው እኔን ነው። አሁን ሙያውን በትክክል ተምሬ እንጀራዬ ላደርገው እፈልጋለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሒሳብ ግን ከነካሁ ቆየሁ።

በዚህ ዕድሜ ቴክኒክና ሙያ ይቀበሉኛል? ሥራዬን ሳልለቅ መማር እችላለሁ? ባለቤቴ ደግሞ «ከ20 ዓመት ልጆች ጋር መሰላል ልትሸከም ነው?» እያለች ትጨነቃለች። እውነቱን ንገሩኝ፣ የሚያሠራኝ አገኛለሁ?

መልስ (አሠልጣኝ)

ወንድሜ፣ ዕድሜህ አይከለክልህም። ክፍል ውስጥ ከአንተ የሚበልጡ ሰዎች አስተምሬያለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ እድ፣ እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ምሥራቅ የሚባሉ የሙያ ኮሌጆች አሉልህ። ከሥራ በኋላ መማር ከፈለግክ ሬጅስትራር ድረስ ሄደህ የማታና የቅዳሜ እሑድ ፕሮግራማቸውን ጠይቅ። በስልክ የሚነግሩህን ብቻ ይዘህ አትወስን።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው። ደረጃውን ስትጨርስ የብቃት ምዘና ትወስዳለህ፤ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው ማለት ነው። የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለው። በሥራ ላይ ሙያውን የተማረ ሰውም ክፍል ገብቶ ባይማር መመዘን ይችላል። አንተ ግን ክፍል ገብተህ ብትማር ይሻልሃል። የሰፈር ጥገና ሽቦ ማገናኘት ያስተምርሃል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሚገናኝ አይነግርህም።

ሒሳቡ አያስፈራህ። ማባዛትና ማካፈል ከቻልክ ዋናውን ይዘሃል። የእንጀራ ምጣድን ውሰድ። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ይህን ያህል ከረንት ያውም ለሰዓታት ከሳሎን ሶኬቶች ጋር በአንድ መስመር ማስኬድ አደጋ ነው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ እንጠቀማለን። ለምጣዱ ግን ከማከፋፈያው ሰሌዳ የራሱን መስመር በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አውጥተህ የራሱን ብሬከር (ከረንት ሲበዛ በራሱ የሚያጠፋውን) ትሰጠዋለህ። ይህቺ ስሌት በደንብ ከገባችህ የቤት ሥራ ግማሹ ገብቶሃል።

መልስ (በሙያው የቆየሁ)

እኔ የምመክርህ አንድ ነገር ነው፤ ደመወዝህን አሁን አትልቀቅ። መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ጥሩ ባለሙያ ጋር ረዳት ሆነህ ውጣ። ፊኒሺንግ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ወይም አዲስ ቤት አይጠፋም። ባለሙያ የምታገኘው ደግሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ጋ ነው። ባለሱቁ ማን ጥሩ ዕቃ እንደሚገዛ፣ ማን ዕዳውን እንደሚከፍል ያውቃል። እሱ «ከዚህ ሰው ጋር ሥራ» ካለህ እመነው።

ባለቤትህ የጠየቀችው ተገቢ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራህ በመዶሻና በመሮ ብሎኬት መቆፈር ነው። ከዚያ ኮንዱይት (ሽቦ የሚያልፍበትን ቱቦ) መቅበር፣ ከዚያ ሽቦ መሳብ። አቧራው አይን ያጠፋል፤ መነጽርና ማስክ በራስህ ገዝተህ ያዝ። ትከሻህና ጉልበትህ መጀመሪያ ላይ ያምሃል። ማከፋፈያ ሰሌዳ የምትነካው በኋላ ነው። ወጣቱ እዚህ ላይ ይሰለችና ይጠፋል። ትልቅ ሰው ግን ቤተሰብ አለበት፣ በሰዓቱ ይመጣል፣ ቃሉን ይጠብቃል። እኔ ረዳት ስመርጥ የማየው ይህንን ነው።

ክፍያ ብዙ ጊዜ በፖይንት ነው፤ አንድ መብራት አንድ ፖይንት፣ አንድ ሶኬት አንድ ፖይንት ተብሎ ይቆጠራል። ራስህን ችለህ ሥራ ስትይዝ ቅድሚያ ሳትቀበል አትጀምር። ዕቃውን ማን እንደሚገዛ በወረቀት አስፍር። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚጎዳው በኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፤ በማይከፈል ገንዘብም ነው።

መልስ (እህትህ ኤሌክትሪሻን)

እኔ ሠላሳዎቹን ከተሻገርኩ በኋላ ነው ከቢሮ ሥራ ወደዚህ የመጣሁት። ሥራ አልጠፋብኝም። ባሎቻቸው ሥራ የዋሉ እናቶች እኔን ይመርጣሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ትነግራለች።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምንህ፤ ስለ ደህንነት ማንም ሲያቻኩልህ እሺ አትበል። በአንድ ሕንፃ ላይ ባልደረባችን ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ጃንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሳጥን) ከፍቶ እየሠራ ሳለ ግራይንደር ማስነሳት የፈለገ ሌላ ሠራተኛ ሄዶ ብሬከሩን መልሶ አበራው። ልጁ ከመሰላል ወደቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከር አጥፍቼ ሰሌዳውን እቆልፋለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ቁልፍ ከሌለው ናስትሮ አጣብቄ «ሰው እየሠራ ነው» ብዬ እጽፍበታለሁ። ከዚያ በኋላም በቴስተር (መብራት መኖሩን በሚያሳይ መሣሪያ) ሳልፈትሽ እጄን አልሰድም። ቴስተሩን ራሱን ደግሞ መጀመሪያ መብራት ያለበት ቦታ ላይ እሞክረዋለሁ።

የሽቦ ቀለምም አትመን። ሰማያዊው ኒውትራል (ከረንቱ የሚመለስበት)፣ ቢጫ በአረንጓዴው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መሆን ነበረበት። አሮጌ ቤት ስትከፍት ግን እጃቸው ላይ የተገኘውን ቀለም የተጠቀሙበት ታያለህ።

የጀሞው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ደመወዙን አለመልቀቄን ስትሰማ ቀለል አላት።

በሙያው የቆዩትን ጋሼን አንድ ልጠይቅዎት። ጎረቤቴ ብሬከሩ ምጣድ ሲለኮስ ይወርድበታል። በትልቅ ቀይርልኝ ብሎኛል። ልቀይርለት?

መልስ (በሙያው የቆየሁ)

እንዳትነካው! ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው 2.5 ሆኖ ብሬከሩን 32 አምፒር ብታደርገው አይወርድም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። መፍትሔው አሠልጣኙ ያለህ ነው፤ ለምጣዱ የራሱ መስመር። ለጎረቤትህ ይህንኑ አስረዳው። የሚሠራለትን ባለሙያ አብረህ ጥራ፣ አንተም አጠገቡ ቆመህ ተማር።

ሌላው ደግሞ ኒውትራል ነው። ሦስት ፌዝ (ሦስት መብራት ያለባቸው መስመሮች) በገባበት ግቢ ዋናው ኒውትራል ከላላ፣ 220 ሊያገኝ የሚገባው ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ምሽት ይነዳሉ። ብሎን በደንብ ማጥበቅ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ኡበር እነዳለሁ፣ 44 ዓመቴ ነው። እዚህስ ይቻላል?

መልስ (ቨርጂኒያ ያለሁ)

ይቻላል ወንድሜ። አፕረንቲስሺፕ የሚባለውን ያዝ፤ ቀን እየሠራህ ይከፈልሃል፣ ትምህርቱም አብሮ አለ። በኤሌክትሪሻኖች የሠራተኛ ማኅበር በኩል ያለው የኮሜርሻል (የንግድ ሕንፃዎች) ሥልጠና 5 ዓመትና 8,000 የሥራ ሰዓት ገደማ ነው። ለመግባት የአልጄብራና የንባብ ፈተና አለ፤ አስቀድመህ አጥና። ፈቃዱ እንደየስቴቱ ይለያያል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከመጨረሻው በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ኡበሩን ቅዳሜና እሑድ ቀጥልበት። አገር ቤት የሠራ ሰው ካለም ይወቅ፤ እዚህ 120 እና 240 ቮልት ነው፣ ሕጉም ሌላ ነው፣ እንደ አዲስ መማር ያስፈልጋል።

መልስ (አሠልጣኝ)

ወደ ጀሞው ወንድማችን ልመለስ። ከሲኦሲው በኋላ በስምህ የኤሌክትሪክ ሥራ ለመያዝ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚሰጠውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አስብበት። የሚጠይቁትን ማስረጃ አሁኑኑ ሄደህ ተረዳ። ረዳት ሆነህ የሠራህበትን ልምድም ካሁኑ በጽሑፍ አሰባስብ፤ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ሥራውማ እየሰፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ግቢው ውስጥ ቻርጀር ማስገጠም ይፈልጋል። 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፒር ገደማ ለሰዓታት ይስባል። ቆጣሪውና ዋናው መስመር ይችለው እንደሆነ አስልቶ፣ ኧርዙን ለክቶ የሚገጥም ባለሙያ ያስፈልጋል።

ለመነሻ መሣሪያ ብዙ አትግዛ። ፒንሳ፣ እጀታቸው የተሸፈነ ካቻቪቴዎች፣ ቴስተርና መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት መለኪያ) ይበቁሃል። መልቲሜትሩ ላይ ግን አትቆጥብ፤ ርካሹ የተሳሳተ ንባብ ከሰጠህ በእሱ አምነህ ነው እጅህን የምትሰደው። ሬጅስትራር ስትሄድ የ12ኛ ክፍል ማስረጃህን ኦሪጅናልና ኮፒ፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ይዘህ ሂድ።