ለዐቢይ ጾም የጋራ ሥዕል ልንሠራ ነው፤ ሰው ለውጡን እንዴት ይሣለው?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ኪነ ጥበብ ክፍል ለመጪው ዐቢይ ጾም ትልቅ የጋራ ሥዕል አስቧል፤ ከሕፃን እስከ አዛውንት ሁሉም እጁን ያሳርፍበትና ለትንሣኤ ይታያል። ርእሱ «በጾሙ ምን ተለወጠልኝ?» የሚል ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን ሰው ለውጥህን በአደባባይ ሣል ሲባል ወይ ያፍራል፣ ወይ የተሰበረ ልብና ነጭ ርግብ ሥሎ ይቀመጣል። አንዲት እናት «የእኔን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ እንጂ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም» ብለውኛል። መሣል የማይችለውስ ምን ይሥራ? እስቲ ምከሩኝ።

የሥዕል መምህሩ፦
እኅቴ፣ እናታችን ልክ ናቸው። ኃጢአት ለካህን ይነገራል፤ ሥዕሉ ሌላ ሥራ አለው። ስለዚህ ሰዎቹን ስለ ራሳቸው አትጠይቂያቸው፤ ከወንጌሉ አንድ ሰው ስጪያቸው። ከጾሙ ስምንት እሑዶች መካከል መጻጉዕም ኒቆዲሞስም አሉልሽ። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ በአንድ ቃል ተነሣ። እኔ ግን ለብዙ ሰው የሚቀርበው ኒቆዲሞስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለውጡ ቀስ ያለ ነው። የአይሁድ አለቃ የሆነው ይህ ሰው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሰው እንዳያየው በሌሊት ወደ ጌታ ይመጣል። በምዕራፍ 7 በአለቆቹ መካከል ሳይሰሙት ይፈረድበታል ወይ ብሎ አፉን ይከፍታል፤ ወዲያው ይዘልፉታል። በምዕራፍ 19 ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ተሸክሞ ጌታን ሊገንዝ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሰው በልቡ ከራሱ ጋር ያገናኘዋል፤ ማንም ምንም መናገር የለበትም።

ለሦስቱ ምዕራፎች ሦስት ሰሌዳ አዘጋጁ። በጥንቱ አሣሣላችን ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ይሁዳና አጋንንት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ኒቆዲሞስን በመጀመሪያው ሰሌዳ በጎን አድርጋችሁ በሦስተኛው ፊቱን ብታዞሩት ሕዝቡ ያለ አስረጂ ያነበዋል።

መሣል ለማይችለው ሌሊቱን ስጡት። ሰሌዳውን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ብሩህ ቢጫ ቀቡትና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ብቻ ጥቁር ሰማያዊ ይቀባና ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠረግ፤ ቢጫው ከሥር ብቅ ይላል። አክሪሊክ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ሰፊ ቦታ አትቀቡ። ይህን የአምስት ዓመት ልጅም፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አያትም ይሠሩታል፤ እንዲያውም የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚያወጣው ብርሃን ያምራል። በመጀመሪያው ሰሌዳ ጥቂት ብቻ ይጠረግ፣ በሁለተኛው ጨመር ይበል፣ በሦስተኛው ይብዛ።

ዲያቆኑ፦
መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ኒቆዲሞስ በሌሊት ቢመጣም የመጣው ወደ ጌታ ነው። በአንድ ዓይን ከሣላችሁት የሚያይ ሰው ከይሁዳ ጋር ይቆጥረዋል። ሁለት ዓይኑ ከመጀመሪያው ይታይ፣ ጨለማው በዙሪያው ይሁን። ደግሞም ይህ ለጸሎት የሚሰቀል ቅዱስ ሥዕል ስላልሆነ በአዳራሽ ይቀመጥ፤ አስቀድማችሁም የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ። ለትንሣኤ የሚጨመር ካላችሁ አባቶች የሣሉት አለ፤ ጌታ አዳምንና ሔዋንን እጃቸውን ይዞ ከሲኦል ሲያወጣቸው። እሱን የሚያውቅ ሠዓሊ ይሥራው።

የሥዕል መምህሩ፦
ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ የዓይኑ ነገር ይቅር፤ ጨለማው ብቻውን ይበቃል። እጅ ለእጅ የተያያዘው ሥዕል ደግሞ ግሩም መጨረሻ ነው፤ አዳም ራሱን ችሎ አልወጣምና።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርእሱን ቀይሬ ለአባታችን በኒቆዲሞስ አቀርባለሁ። ሥራው እስከ ስቅለት ቢቀጥል ችግር አለው? ሰሌዳውስ ሸራ ይሁን ጣውላ?

ዲያቆኑ፦
በሆሣዕና ዋዜማ ጨርሱ። በሰሙነ ሕማማት ሰዉ ስግደት ላይ ነው፤ ብሩሽ የሚይዝ አታገኙም።

የሥዕል መምህሩ፦
ጣውላ። ሸራ ብዙ እጅ ሲጫነው ይረግባል። በላዩ ስስ ጨርቅ በሙጫ ለጥፋችሁ ከሥዕሉ ሥር በሚሆን ነጭ መደብ ቀለም ደጋግማችሁ ቀቡት፣ በብርጭቆ ወረቀትም አለስልሱት። ይህንን ወጣቶቹ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ይጨርሱት።