ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት፦ መጀመሪያ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ብዙ ክለብ የዞረ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አራት ኪሎ አካባቢ ከ12 ዓመት በታች ልጆችን ማሰልጠን ቢጀምር በምን ይሳሳታል?

መልስ 1፦
በኳሱ። የለመደውን 7 ቁጥር (የአዋቂ ወንዶች መጠን) ኳስ ይዞ ይመጣል። ለእነዚህ ልጆች 5 ቁጥር ነው የሚሆነው፤ የቀለበቱም ከፍታ ከ3.05 ወደ 2.60 ሜትር ይውረድ። አለዚያ ጉልበት ስለሚያጥራቸው ከትከሻ ይወረውራሉ፤ ያ ከተለመደ ማረሙ ከባድ ነው።

መልስ 2፦
ራሱ ገብቶ መጫወቱን እባካችሁ ይተው! ዳር ቆሞ ሜዳ ላይ ያሉትን አምስቱንም ልጆች ይይ። ውድድር ላይ ደግሞ ታይምአውቱን (አሰልጣኝ የሚጠይቀውን አጭር እረፍት) ይቁጠር፦ በፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው 3። ያልተጠቀሙበት አይሻገርም።

መልስ 3፦
ክለብ መቀያየሩ ሀብት ነው፤ ከየአሰልጣኙ ያየውን ልምምድ በደብተር ያስፍር። አሜሪካዊው ስቲቭ ከር በኤንቢኤ (የአሜሪካ ሊግ) በ6 ቡድኖች ተጫውቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የጎልደን ስቴት ቡድንን በአሰልጣኝነት ያዘ፤ በ2015 የሊጉን ዋንጫ አነሳ።