ዊልቸር ይዞ ከሐይቅ ደሴ መመላለስ፦ ሚኒባስ ላይ እንዴት ነው የምታረጉት?

የሐይቋ እህት፦
አማን ናችሁ ወገኖች። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፣ ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፣ ስሜትም የለውም። ሰኞና ሐሙስ ለፊዚዮቴራፒ ከሐይቅ ከተማ ደሴ እወስደዋለሁ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ለኛ ግን የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ሆኗል። ረዳቱ ዊልቸሩን ሲያይ ባዶ ወንበር እያየን "ሞልቷል" ይላል፣ የሚጭነን ስናገኝ ደሞ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው፣ ዊልቸሩ ፖርቶመጋላ ላይ ይወረወርና እግር ማሳረፊያው ተሰብሮ ይወርዳል። ባለፈው ሰኞ ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ሲጎትቱት ሱሪው ወረደ፣ ሰው ሁሉ እያየ። እስከ ደሴ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ማታ ላይ "ከዚህ በኋላ አልሄድም" አለኝ። በየሳምንቱ ኮንትራት ለመያዝ አቅሙ የለንም። እና ጥያቄዬ፣ ሳይዋረድ እንዴት ላሳፍረው? አንድ በያጅ ደሞ ከብረት መወጣጫ ልሥራልሽ ብሎኛል፣ ዊልቸሩን እየገፋሽ ታስገቢዋለሽ ነው የሚለው፣ ያዋጣል? የዊልቸሩን ሒሳብስ መክፈል አለብኝ?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ ዊልቸር ላይ 11 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ዳገቷን ታውቂዋለሽ። ያቺን የሱሪዋን ነገር እኔም አሳልፌያታለሁ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከሱሪዬ ሥር ቁምጣ ሳልለብስና ቀበቶዬን ሳላጠብቅ ከቤት አልወጣም፣ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ለወንድምሽ ዛሬውኑ ንገሪው።
ሚኒባሱ ላይ ስሕተታችሁ ከዊልቸሩ በቀጥታ ወንበር ላይ ላውጣው ስትሉ ነው። ወንበሩ ለዊልቸሩ በጣም ከፍ ይላል፣ የበሩ ወለል ግን ከዊልቸሩ መቀመጫ የሚበልጠው አንድ ስንዝር ባይሞላ ነው። ዊልቸሩን ከተንሸራታቹ በር ጎን አስጠጊው፣ ፍሬኑን በሁለቱም በኩል ቆልፊ፣ በበሩ በኩል ያለውን የእጅ መደገፊያ የሚነቀል ከሆነ ንቀይ። መጀመሪያ የበሩ ወለል ላይ በቂጡ ይቀመጥ፣ እግሩ ውጭ እንደተንጠለጠለ። እዛ ላይ ትንፋሹን ይሰብስብ። ከዛ ነው ወደ ወንበሩ የሚነሳው። እኔ አናጢ ያለሰለሰልኝ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 25 ስፋት ያላት ጣውላ አለችኝ፣ አንዱን ጫፍ ቂጤ ሥር አንዱን ወለሉ ላይ አርጌ እየተንሸራተትኩ እገባለሁ፣ ማንም አይሸከመኝም። የወንድምሽ ክንድ ጠንካራ ከሆነ በአንድ ወር ይለምዳታል። ወንበር ስትመርጡ ጋቢና ያዙ፣ ሰፊ ነው፣ አያጨናንቅም።

ብረታ ብረት ኮምቦልቻ፦
ስለ መወጣጫው ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ። በያጁ በቅንነት ነው ያለሽ፣ ግን እንዳታሠሪ። ለዊልቸር ደህና የሚባለው ተዳፋት 1 ለ 12 ነው፣ ማለትም ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። የሚኒባሱ ወለል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል 7 ሜትር ከ20 የሚረዝም ብረት ያስፈልግሻል፣ መናኸሪያ ውስጥ የት ትዘረጊዋለሽ? በ2 ሜትር ላሳጥረው ካልሽ ደሞ ዳገቱ ይበረታና ዊልቸሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ አናቱን ነው የሚመታው። ሁለት ሰው ከኋላ ቢይዘው እንኳ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ በሩ ጣራ ሥር አያልፍም። መወጣጫ ለቤታችሁ ደጃፍ ነው የሚያዋጣው፣ አንድ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ከ80 በቂ ነው። በሱ ገንዘብ የተሰበረውን እግር ማሳረፊያ አስበይጂ።

ፊዚዮ ደሴ፦
ቧንቧ ውሃ ወንድሜ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው፣ ጋቢናው ላይ ግን ላቁምህ። እህቴ ወንድምሽ ስሜት የለውም ብለሻል። ብዙዎቹ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፣ የጋቢናው መቀመጫ ዳገት ላይ ይግላል። ሌላ ሰው ሲሞቀው ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ግን አይሰማውም፣ ቆዳው ተቃጥሎ ቤት ሲደርስ ነው የምታይው። ያ ቁስል ወራት ያስተኛዋል። ስለዚ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ይሻላል፣ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ጋቢና ከገባ የዊልቸሩን ትራስ ከሥሩ አርጉለት፣ መቀመጫውን በእጅሽ መዳፍ ሳትፈትሺ አታስቀምጪው። ትራሱን ደሞ የትም ቢቀመጥ ከዊልቸሩ ጋር እንዳትጭኚው፣ ከሱ ጋር ይሂድ። መንገድ ላይ በየ15 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ ቂጡን ያንሳ ወይ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘንብል። ማታ ደሞ መቀመጫውንና ተረከዙን እያየሽ፣ ቀይ ሆኖ የማይለቅ ቦታ ካለ ለሐኪሙ ንገሪ።
ሰው ሲያነሳው ክንዱን እየሳቡ መጎተት ይቅር፣ ትከሻው ከተበላሸ ዊልቸሩንም መግፋት አይችልም። ወንድምሽ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምር፣ ከኋላ ያለው ሰው እጁን በብብቱ ሥር አሳልፎ የተጣመሩትን የወንድምሽን ክንዶች ይያዝ፣ ሁለተኛው ከጉልበቱ ሥር። ቆጥሮ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የሚለው ወንድምሽ ይሁን። እሱ ካላዘዘ ማንም አያንሳው።

ረዳት ነበርኩ፦
እኔ 6 ዓመት ረዳት ነበርኩ፣ እውነቱን ልናገር። ዊልቸር ስናይ "ሞልቷል" የምንለው ጥላቻ ኖሮን አይደለም፣ ተራችን ያልፋል፣ ሹፌሩ ይጮሃል፣ እንዴት እንደሚታጠፍም አናውቅም። ያ ማመካኛ እንዳልሆነ ያወኩት እናቴ ስትታመም ነው።
መንገድ ላይ ቆመሽ አትጠብቂ፣ የሚያልፍ መኪና አይቆምልሽም። ከመናኸሪያው ተነሺ፣ መኪናው ገና ተራ ሲይዝ፣ ሰው ሳይገባ። ተራ አስከባሪውን ቀድመሽ አናግሪው፣ እሱ አንዴ "እነዚህ ይቅደሙ" ካለ ረዳት አይከራከርም። ሰኞን ደሞ ተዪው፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከማለዳ ጀምሮ ጤፍና በርበሬ የጫነ ሰው ነው፣ ሐኪሞቹን ማክሰኞ አርጉልን ብለሽ ለምኚ። ዊልቸሩን ራስሽ እጠፊው፣ የመቀመጫውን ጨርቅ ከመሐሉ ይዘሽ ወደ ላይ ሳብ ስታረጊው ይታጠፋል፣ እግር ማሳረፊያዎቹን ንቀይና በማዳበሪያ ከረጢት ያዢያቸው፣ ያኔ መጨረሻው ወንበር ኋላ ይገባል፣ ፖርቶመጋላ አያስፈልገውም። ከሁሉ ከሁሉ አንድ ሹፌር ያዢ። ስልኩን ተቀበይ፣ ማታ ደውለሽ "ነገ 12 ሰዓት ተኩል አለን" በይው።

የቦሩ ሜዳዋ፦
እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ፣ ችግራችን ቢለያይም መኪናው አንድ ነው። የረዳቱን ስም ጠይቁ። በስሙ ከጠራሽው መውረጃሽ ላይ "ወራጅ አለ" ብሎ ማስቆም አይረሳም፣ ቦሩ ሜዳ ሳያወርደኝ ሐይቅ መንገድ ድረስ የወሰደኝ ጊዜ ስሙን አላውቅም ነበር። ወንድምሽን ደሞ ሰዎች አንቺን ነው የሚጠይቁሽ አይደል፣ "የት ነው የሚወርደው" እያሉ? ዝም በያቸው፣ እሱ ይመልስ።

የሕግ ተማሪ፦
ስለ ሒሳቡ። ዊልቸር እቃ አይደለም፣ እግሩ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ 676/2002 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 9 ላይ ትራንስፖርት በግልጽ ተጠቅሷል፣ ሕገ መንግሥቱ ደሞ አንቀጽ 9 ላይ የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የመናኸሪያው ሕንፃም ቢሆን በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ አንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ይሄን ግን ረዳቱ ላይ አትጩሂበት፣ ጧት ላይ መኪናው ያመልጥሻል። ታርጋውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠየቁሽን ብር ደብተር ላይ ጻፊ፣ አራት አምስት ሲሆን በአካል ጉዳተኞች ማኅበር በኩል ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አስገቢ፣ ማመልከቻው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቺ።

የሐይቋ እህት፦
ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሳልመለስ፣ ይቅርታ። ቀኑ ወደ ማክሰኞ ተቀየረልን። ተራ አስከባሪው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ "ልጄ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም" አሉኝ። ሹፌር አግኝተናል፣ የአንድ ሰው ሒሳብ ነው የሚቀበለን፣ ባለፈው ሐሙስ ግን ሹፌሩ ሌላ ሲሆን እንደገና የሁለት ሰው አስከፍሎናል፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እሱን ለማኅበሩ እወስደዋለሁ። ጣውላዋን ጎረቤታችን አናጢ ሠራልን፣ ገና ብቻውን አልቻለም፣ ወለሉ ድረስ ግን ራሱ ይንሸራተታል፣ ከወለሉ ወደ ወንበሩ ነው የምናነሳው። ጋቢናው ላይ እጄን አሳርፌ ነበር ፊዚዮ እንዳልከኝ፣ መዳፌን አላስቀመጠኝም፣ እዛ ቢቀመጥ ኖሮ እያልኩ ሆዴ ተላወሰ። የቦሩ ሜዳዋ እትዬ፣ ትናንት ረዳቱ "የት ነው የሚወርደው" ሲለኝ ዝም አልኩ። "ፒያሳ ሳትደርስ አውርደኝ" አለው ራሱ ወንድሜ።
አሁን ጥያቄዬ፣ ክረምት ሲገባ ጎማው ጭቃ ይዞ ሲመጣ ወንበር ኋላ አላስገባም ይሉኛል፣ ጎማውን በምን ትሸፍኑታላችሁ?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦
አልሃምዱሊላህ! ለጎማው ሁለት ትልልቅ የማዳበሪያ ከረጢት፣ አፋቸው ላይ በጎማ ገመድ አርገሽ ሰፍተሽ እንደ ካልሲ ታለብሺዋለሽ። ጣውላዋን ደሞ ዝናብ እንዳይነካት፣ ከረጠበች አታንሸራትትም።