«ንጹሕ ስፓኒሽ» የማን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ የተነሣው ከአንድ ፊልም ነው። አልፎንሶ ኩዋሮን የሠራው «ሮማ» የተባለው የሜክሲኮ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔን ውስጥ ሲታይ ከሥሩ የግርጌ ጽሑፍ ነበረው። ተዋናዮቹ የሚናገሩት ስፓኒሽ፣ ጽሑፉም ስፓኒሽ! ልዩነቱ ጽሑፉ በስፔን ወግ መዘጋጀቱ ብቻ ነው፤ ተዋናዩ እናት ለማለት «ማማ» ሲል ከሥር በሌላው የእናት ቃል «ማድሬ» ተብሎ ይነበባል። ሚሽቴክ በሚባለው የአገሬው ተወላጆች ቋንቋ ለሚነገረው ክፍል ጽሑፍ ማስፈለጉን ማንም አልተቃወመም። ለስፓኒሹ ሲሆን ግን ዳይሬክተሩ በ2019 መጀመሪያ ላይ ለስፔን ተመልካቾች ራሳቸው ስድብ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ኔትፍሊክስም ጽሑፉን አነሣ። ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ለቴሌቪዥን፣ ለፊልምና ለትምህርት ቤት አንድ ገለልተኛ አነጋገር ይኑረው? ወይስ እያንዳንዱ በገዛ ቅላጼው ይናገርና አድማጩ ጆሮውን ያልምድ?

የቋንቋ መምህሩ (አዲስ አበባ)፦ ይኑረው እላለሁ። ምክንያቴ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የማንንም ቅላጼ አልንቅም። ነገር ግን የካሪቢያን፣ የቺሌና የደቡብ ስፔን ሰዎች በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ይውጡታል። ይህች «ስ» ጌጥ አይደለችም፤ ብዙ ቁጥርንም፣ በግስ ላይ «አንተ»ንም የምታመለክተው እርሷ ናት። «ትበላለህ» ለማለት «ኮሜስ»፣ «ይበላል» ለማለት «ኮሜ» ይባላል፤ «ስ» ስትወድቅ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ተማሪዎቼ በመጽሐፍ የተማሩትን ይዘው የፖርቶ ሪኮ ዘፈን ሲሰሙ ሌላ ቋንቋ ይመስላቸዋል። በአንጻሩ የቦጎታ ወይም የሜክሲኮ ከተማ ሰው ሲናገር ተናባቢዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። ይህ የሰሚው ንቀት የፈጠረው ልዩነት አይደለም፤ ድምፁ አለ ወይም የለም።

ከማድሪድ፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «ድምፁ አለ ወይም የለም» የሚሉት ነገር እዚህ እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ አይሠራም። የማድሪድ ሰው ደከመኝ ለማለት «ካንሳዶ» አይልም፤ «ካንሳኦ» ነው የሚለው። «ድ» ወደቀች። የገዛ ከተማውን ስም እንኳ መጨረሻዋን ወይ ይውጣታል ወይ ምላሱን በጥርሱ መካከል አድርጎ በሌላ ድምፅ ይተካታል። «ኤስ ኬ» የሚለውን ደግሞ «ኤኽ ኬ» ይለዋል። ጠበቃውም፣ ዜና አንባቢውም፣ የምክር ቤት አባሉም «ካንሳኦ» ይላል፤ መረጃ ጎደለ ብሎ የሚያለቅስ ሰው አላየሁም። ያው «ካንሳኦ» በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ሲሰማ ግን ያልተማረ ሰው አነጋገር ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፍርድ።

አሁን ወደ ደቡብ ይውረዱ። የካዲስ ወይም የሴቪያ ሰው «ስ»ን ሲውጥ ማድሪድ ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት የካታሎኒያ ፖለቲከኛ የወቅቷን የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር፣ የአንዳሉሲያዋን ማግዳሌና አልቫሬስን፣ ቅላጼዋ ቀልድ ይመስላል ብላ በአደባባይ ተናግራ አገር ተተራመሰ። የሚኒስትሯ ሥራ ሊተች ይችላል፤ ነገር ግን የተተቸው አፏ ነበር። በስፔን ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ወይም አስቂኙ ገጸ ባሕርይ ለብዙ ዘመን የአንዳሉሲያ ቅላጼ ነበራቸው፤ ሐኪሙና ዳኛው ግን የሰሜኗ ከተማ የቫያዶሊድ። ልጆች ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ከዚያ በኋላ «የቫያዶሊድ ስፓኒሽ ንጹሕ ነው» ሲሉ ጆሯቸው ብቻውን ፈረደ ማለት ይቻላል?

የደሴቲቱ ልጅ፦ እኔ የተማርኩት ኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የምንቆጠር የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ወጣቶች ደሴት፣ «ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ» ተወሰድን፤ ስፓኒሽ የገባን በመጽሐፍ ሳይሆን በመኝታ ክፍልና በብርቱካን እርሻ ነው። ስለዚህ ስለ ኩባ ቅላጼ ስሰማ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

መምህር የወደቀውን ድምፅ ቆጥረዋል፤ በቦታው የገባውን ግን አልቆጠሩም። የሃቫና ሰው «ፑኤርታ»፣ በር፣ ሲል «ር»ን ይተዋትና «ታ»ን ያጠብቃታል። «አልጎ»፣ አንድ ነገር፣ ሲል «ል»ን ትቶ «ጎ»ን ያጠብቃል። ቦታዋ ባዶ አልቀረም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ገና» ላልቶና ጠብቆ ትርጉሙ ሲለወጥ እየሰማን ስላደግን ይህን ለመያዝ አልተቸገርንም። አብረውን የነበሩ፣ የእናት ቋንቋቸው ማጥበቅ የማያውቅ የሌላ አገር ልጆች ይቸገሩበት ነበር። እንግዲህ የኩባ ስፓኒሽ ከባድ ነው የሚለው ሰው፣ ለማን ብሎ ይጨምርበት።

በግራናዳ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚያም የመጨረሻዋ «ስ» ትወድቃለች፤ ነገር ግን ከፊቷ ያለው አናባቢ አፍ ከፈት ተደርጎ ይነገራል። የግራናዳ ልጅ አንዱንና ብዙውን በዚያ ይለያል። ከውጭ የመጣ ሰው ልዩነቱን ስለማይሰማ የለም ይላል።

የቋንቋ መምህሩ፦ ጋሼ፣ ስለ ግራናዳው አናባቢ አውቃለሁ፤ ጥናቶችም አሉበት። ግን የደቡቡ አናባቢ የሰሜኑን ሰው ካላገለገለ፣ እኔ ያነሣሁት ችግር እንዳለ ነው። ግራናዳ ከግራናዳ ጋር መግባባቷ አያከራክርም። ጥያቄው ግራናዳ ከቺሌ ጋር በሬዲዮ ስትነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሴቪያ ወረርሽኝ የሚተርክ ተከታታይ ፊልም ስፔን ውስጥ ሲተላለፍ፣ ስፔናውያን ራሳቸው የተዋናዮቹ ንግግር አይሰማንም ብለው አማረሩ። የሰው ሁሉ ጆሮ ንቀት ነው ብለን እንለፈው?

ከማድሪድ፦ ያን ተከታታይ እኔም አየሁት፤ ድምፁ በሹክሹክታ የተሞላ ነበር። ቅላጼው ብቻ አልነበረም ጥፋተኛው፤ ክሱ ግን ለብቻው ተሸከመው። ደግሞስ ታሪኩ የሚካሄደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴቪያ ነው፤ ሰዎቹ በምን ቅላጼ ይናገሩ ነበር የፈለጋችሁት?

አንድ ተሳታፊ፦ ስፔናውያን ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል አውጥተው የሚናገሩት አንድ ኮልታፋ ንጉሥ ስለነበራቸውና አሽከሮቹ ስላስመሰሉት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ተርጓሚዋ፦ ተረት ነው። ንጉሡ ኮልታፋ ቢሆን ኖሮ «ስ» የምትባል ድምፅ ሁሉ በጠፋች ነበር፤ የማድሪድ ሰው ግን ሁለቱንም ድምፆች ለይቶ ይናገራል። «ካሳ» ቤት ነው፤ አደን የሚለው ቃል ደግሞ በዚያች በጥርስ መካከል ድምፅ ይነገራል። የድሮው ካስቴሊያኖ፣ ማለትም ስፓኒሽ፣ ዛሬ ካሉት የበዙ የ«ስ» ወንድሞች ነበሩት፤ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲጠቃለሉ ሰሜኑ ሁለቱን ለያይቶ አስቀረ፣ ሴቪያ ደግሞ ጠቀለለቻቸው። የአሜሪካ ጉዞ የሚቆጣጠረው የንግድ ቤት በ1503 የተቋቋመው በሴቪያ ነው። መርከበኛው ከዚያ ተነሥቶ በካናሪ ደሴቶች በኩል ያልፋል፤ ተሳፋሪው ወር እየጠበቀ በደቡብ አፍ ይታሻል። ላቲን አሜሪካ በሙሉ ዛሬ «ቤት»ንና «አደን»ን አንድ አድርጎ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የካናሪ ሰው ማድሪድ ገብቶ «ከኩባ ነህ ወይስ ከቬኔዝዌላ?» የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ የስፔን ዜጋ ነኝ ሲል ይገረማሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እናንተ ስለ ማድሪድና ስለ ሃቫና ታወራላችሁ፤ እኔ ስፓኒሽ የምሰማው ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የላቲን ማኅበረሰቦች ትልቁ የእነርሱ ነው፤ የምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ከእነርሱ ጋር ውዬ ነው የማድረው። «አንተ» ሲሉ «ቱ» አይሉም፤ «ቦስ» ይላሉ። ይህን ይዤ ማታ ትምህርት ብገባ አስተማሪዋ «እንዲህ አይባልም» ብላ ቀይ እስክሪብቶ አነሣች። ቦነስ አይረስ ውስጥ ግን ፕሮፌሰሩም ሚኒስትሩም «ቦስ» ነው የሚለው! የአርጀንቲናው ሲለው ውበት፣ የሳልቫዶሩ ሲለው ስሕተት።

ጓደኞቼ የነገሩኝ ሌላ ነገር አለ። በሜክሲኮ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፍ ሰው «ቦስ» ማለቱን ይተዋል፤ የሜክሲኮን ቃላት ይለማመዳል። አፉ ካጋለጠው ይመለሳልና። መምህር፣ ለእርስዎ ገለልተኛ አነጋገር ለመግባባት ነው። ለእነርሱ መደበቂያ ነው። አሜሪካ ከገቡም በኋላ ሜክሲኳውያን በሚበዙበት ከተማ የኖሩት ብዙዎቹ «ቱ»ን ይዘው ይቀራሉ።

ስለ ስፔን ሰው ቅላጼ ጠይቄያቸው ነበር። አንዱ «ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል» አለኝ፤ ሌላው «ቄስ» አለ። ከጉሮሮ የሚወጣው «ኸ»ና ቀጥተኛው ትእዛዝ ነው መሰለኝ። ለእኔ ግን «ኸ» ቤቴ ያለ ድምፅ ስለሆነ አልከበደኝም።

ከማድሪድ፦ እዚህ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። አረጋውያንን በምንከባከብበት ሥራ ላይ የኮሎምቢያና የኢኳዶር ሴቶች አብረውኝ አሉ። አዛውንቶቹ «እንዴት ጣፋጭ ነው አነጋገርሽ!» ይሏቸዋል። ያው ጣፋጭ ሴት ቤት ልከራይ ብላ ስትደውል ክፍሉ ተይዟል ትባላለች። እኔ ቅላጼዬ ከየት እንደሆነ ስለማይታወቅ በስልክ አልፋለሁ፤ ሰው ፊት ስቀርብ ነው ሌላው ጉዳይ የሚጀምረው።

ተርጓሚዋ፦ ገለልተኛው ስፓኒሽ እንዳለ አንዘንጋ፤ የምናወራው ገና ስለሚወለድ ነገር አይደለም። የዲስኒ የካርቱን ፊልሞች ለአሥርት ዓመታት ለስፓኒሽ ዓለም በሙሉ በአንድ የላቲን አሜሪካ ድምፅ ነበር የሚወጡት፤ በብዛት ሜክሲኮ ውስጥ ተቀርጸው። የስፔን ልጆች እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በዚያ ነው ያደጉት፤ ተረድተውታል፣ ወደውታልም። ለስፔን ብቻ የተለየ ቅጂ መሥራት የተጀመረው በ1991 ነው። «ሮማ»ን ያለ ጽሑፍ መረዳት አይችሉም የተባሉት ሰዎች እነዚያው ልጆች አድገው ነው!

ግን ለመምህር ወገን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁላችሁም በአንድ ጎን ስትቆሙ ደስ አይለኝም። በ«ቦስ» የምትኮራዋ አርጀንቲና ራሷ፣ ለቴሌቪዥን የሚተረጎሙ ፊልሞች በገለልተኛ ካስቴሊያኖ እንዲሆኑ የሚያዝ ሕግ በ1980ዎቹ አውጥታ በ2013 የማስፈጸሚያ ደንብ አበጀችለት። ምክንያቱ ገበያ ነው፤ በቦነስ አይረስ የተቀረጸ ድምፅ በሊማም እንዲሸጥ። ገለልተኛው የሕዝብ አፍ አይደለም፤ ማንም እናቱን በዚያ አይጠራም። ለዚያ ሥራ ግን ያገለግላል።

ሲጎድልም ጉዳት አለው። በ2015 የተጀመረው ስለ ኮሎምቢያዊው የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ስለ ፓብሎ ኤስኮባር የተሠራው ተከታታይ ፊልም «ናርኮስ» የዚህን የሜዴዪን ከተማ ሰው ሚና ለብራዚላዊ ተዋናይ ሰጠ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ምንም አልታወቀውም፤ ኮሎምቢያውያን ግን በየቃሉ ይሸማቀቁ ነበር። አንድ ድምፅ ለአንዱ «ስፓኒሽ» ብቻ ነው፣ ለሌላው የሠፈሩ ካርታ ነው።

የቋንቋ መምህሩ፦ እሺ፤ እዚህ ላይ ተጨማሪ ልበል። ማስተማር ከማድነቅ ይለያል። ጀማሪ ተማሪ ሃያ ዓይነት «ስ» ከሰጠሁት አንዱንም አይዝም። ለመናገር አንድ፣ ለመስማት ሁሉንም፤ አቋሜ ይህ ነው። በ1713 የተቋቋመው የስፔን አካዳሚ እንኳ «አጸዳለሁ» ከሚለው መፈክሩ ጋር ኖሮ፣ የ2009ኙን ሰዋስው ያወጣው ከአሜሪካ አካዳሚዎች ጋር ሆኖ ነው። ዴሌ የሚባለው የስፓኒሽ ችሎታ ፈተናም ተማሪው የትኛውንም የታወቀ ቅላጼ ይዞ ቢመጣ አይቀጣውም።

ከማድሪድ፦ ያ አንዱ የማን ይሁን ታዲያ? ስፔን 49 ሚሊዮን ገደማ ናት፣ ሜክሲኮ ወደ 130 ሚሊዮን። በጥርስ መካከል የሚወጣውን ድምፅ የሚጠቀሙት ከአሥር ስፓኒሽ ተናጋሪዎች አንድ አይሞሉም። ለተማሪዎችዎ ግን እርሱን ነው የሚያስተምሯቸው አይደል?

የቋንቋ መምህሩ፦ መጽሐፎቹ ከስፔን ነው የሚመጡልኝ፤ የድምፅ ቅጂዎቹም።

ከማድሪድ፦ እንግዲህ ንጹሕ የሆነው በመርከብ ክፍያ ነዋ።

አንድ ተሳታፊ፦ በአፍሪካም ስፓኒሽ የሥራ ቋንቋ የሆነባት ኢኳቶሪያል ጊኒ አለች፤ አካዳሚዋም በ2016 ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሏል። ለአዲስ አበባ ልጅ የእነርሱን ድምፅ የሚያሰማ መጽሐፍ የለም?

የቋንቋ መምህሩ፦ በእጄ የገባ የለም። ካላችሁ ላኩልኝ፤ እጠቀምበታለሁ። ጋሼ፣ ለእርስዎም ጥያቄ አለኝ፤ ክፍሌ መጥተው አንድ ገጽ በኩባ አፍ ቢያነቡላቸው? መጀመሪያ ጽሑፉን ሳይዙ ይስሙዎት፣ ከዚያ ይዘው።

የደሴቲቱ ልጅ፦ እመጣለሁ። ግን ጽሑፉ ከጋዜጣ ይሁን እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ አይሁን፤ የመጽሐፉን ንግግር ኩባም ውስጥ የሚናገረው ሰው አላገኘሁም። ደግሞ ተማሪዎቹ ያልሰሙትን ቃል ይጻፉና እንቆጥረው፤ በሳምንቱ እህታችን ከማድሪድ የካዲስ ባልደረባዋን ድምፅ ቀርጻ ትላክልን፣ ያንንም እንዲሁ እንቁጠር። ከዚያ በኋላ «መረጃ ጎደለ» የሚለውን በቁጥር እንከራከርበታለን።

ከማድሪድ፦ ትቀርጻለች፤ ጠይቄአት እሺ ብላለች። ለምን እንደሆነ ስነግራት ግን «ቀስ ብዬ ልናገርላቸው?» አለች። በፍጹም አልኳት።

የቋንቋ መምህሩ፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ትበል እንጂ!